"ዋሻው ጋ ነን" ሲባል የትኛው አፍ ጋ? የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይሄን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አምቡላንስ ላይ፣ ትራፊክ ላይ፣ አደጋ መከላከል ላይ፣ ወረዳና ቀበሌ ላይ ለምትሰሩ ነው። እኔ ራሴ የአደጋ ጥሪ በስልክ እየተቀበልኩ መኪና እልክ የነበርኩ ሰው ነኝ። ሁልጊዜ የሚባለው ሬዲዮ የለንም፣ ኔትወርክ የለም ነው፣ እሱም እውነት ነው፣ ግን እኔ ካየሁት አብዛኛው ስራ የተበላሸው እቃው ሁሉ እየሰራ ነው፣ በቃ አስቀድመን ቁጭ ብለን የተስማማንበት ነገር ስላልነበረ።

ችግር፦ መኪናው ወጥቷል፣ ቦታው ላይ ግን ማንም የለም

አንድ ሌሊት ጉም ነበር፣ የጣርማበርን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ የራስህ መኪና አፍንጫ አይታይህም። "ጣርማበር ዋሻው ጋ ሚኒባስ ተገልብጧል" ተባለና ከደብረ ብርሃን መኪና ተነሳ፣ ዋሻው ጋ (በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መሃል መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጥበት ነው) ደርሶ ቆመ፣ ምንም የለም፣ ደወልን ደዋዩ አያነሳም። ሰዎቹ ለካ ዋሻውን አልፈው ደብረ ሲና መውረጃው ላይ ናቸው። ደብረ ሲና ደግሞ በጣም የሚቀርብ አምቡላንስ ቆሞ ነበር፣ የሌላ መስሪያ ቤት ነው ብለን ማናችንም አልደወልንለትም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መንስኤው ቀላል ነው፣ ዋሻ ሁለት አፍ አለው። ደዋዩ የቆመበትን ያያል፣ ተቀባዩ የለመደውን ያስባል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው ግን አይገናኙም። "መገንጠያው ጋ" ሲባልም እንደዛው ነው፣ የመንዙ መገንጠያ ነው ወይስ ሌላ?

መፍትሄው፦ ቦታ ሲነገር ሶስት ነገር ሳይሟላ መኪና ቢነሳም ጥያቄው እንዳይቆም። አንደኛ ከየት ወደየት ስትሄድ፣ ሁለተኛ ከቅርቡ ከተማ በግምት ስንት ኪሎ ሜትር (በዋናው መንገድ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130፣ ደብረ ሲና 190፣ ሸዋ ሮቢት 225 ገደማ ነው፣ ይሄን ሁሉም በቃሉ ይያዝ)፣ ሶስተኛ ቆመህ በአይንህ የምታየው ነገር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ማደያ። ዋሻውን በተመለከተ ሁሉም መስሪያ ቤት "የደብረ ብርሃን በኩል አፍ" እና "የደብረ ሲና በኩል አፍ" ብሎ ብቻ ይጥራው። ተቀባዩ ደግሞ የሰማውን መልሶ ይናገር፣ "የደብረ ሲና በኩል አፍ፣ ወደ ታች ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ልክ ነኝ?" ብሎ። ይሄ 10 ሰከንድ አይፈጅም። ከዛ ደግሞ መኪና የሚላከው በቅርበት እንጂ በመስሪያ ቤት አይደለም ተብሎ ይፈረም፣ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ላይም ይደወል ቀበሌ ላይም፣ የሰማው ሰው ለቅርቡ ያስተላልፍ።

ችግር፦ ሰዓቱ አልገጠመም

ፖሊስ "3 ሰዓት ላይ ነው የተከሰተው" ይላል፣ ሪፈራል ወረቀቱ ላይ 9፡00 ተጽፏል፣ የመኪናው ጂፒኤስ 21፡00 ይላል፣ ጠዋት ነው ማታ? ለደም መፍሰስ፣ ለወላድ እናት ሰዓት ማለት ህይወት ነው። መፍትሄው በአፍ ሲነገር ሁልጊዜ በኛ ሰዓት ሆኖ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ቃል አይቀርም። ከሁሉም የሚሻለው ግን "ከ20 ደቂቃ በፊት" ማለት ነው፣ እሱ በየትኛውም ሰዓት አቆጣጠር አይሳሳትም።

ችግር፦ "10 ተጎጂ አለ" ተባለ፣ ሆስፒታሉ ለ10 ተዘጋጀ፣ የመጣው ሌላ

ተጎጂ የሚለው ቃል ውስጥ የሞተም አለ፣ እጁ የተጫረም አለ። ትራፊክ ፖሊሶች ሪፖርት ላይ ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት ብለው ይለያሉ አይደል፣ እሱን ሁላችንም እንጠቀም በቃ። ቀለምም እንዲሁ ነው፣ ለጤና ባለሙያ ቀይ ማለት ቶሎ መነሳት ያለበት ቁስለኛ ነው፣ ለሌላው ቀይ ሲባል አትጠጉ ማለት ሊመስለው ይችላል። አሜሪካኖቹ በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ላይ ብዙ መስሪያ ቤት አንድ ላይ ሲሰራ በቃላት አለመግባባት ተቸግረው ነው የጋራ አሰራርና የጋራ ቃል ወደማውጣት የሄዱት፣ በኋላም ብዙ መስሪያ ቤት በሚሰራበት አደጋ ላይ በቁጥር ኮድ ማውራት ይቅር፣ በተራ ቋንቋ አውሩ ነው ያሉት። እኛም ጋ ኮድ ለራስህ ቢሮ ይሁን፣ ሌላ መስሪያ ቤት ካለበት ግን እናትህ በምትገባት አማርኛ አውራ። የተገለበጠው መኪና ምን አይነት እንደሆነም ይነገር፣ ቦቴ ከሆነ ነዳጅ አለ ማለት ነው፣ አቀራረቡ ሌላ ነው።

ችግር፦ ሬዲዮው ይሰማል፣ ሲናገር ግን ማንም አይመልስለትም

እዚህ ላይ ሶስት ነገር በቅደም ተከተል እዩ። መጀመሪያ ባትሪ። ለመስማት ትንሽ ሃይል ነው የሚፈልገው፣ ለመናገር ብዙ፣ ስለዚህ የደከመ ባትሪ ይሰማል ግን አይናገርም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ባትሪን ያዳክማል፣ ሌሊት ትርፉን ባትሪ ጃኬት ውስጥ ያዙት። ሁለተኛ ቶን፣ ሪፒተሩን (ከፍታ ላይ ተተክሎ የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ ርቆ የሚያስተላልፈውን መሳሪያ) የሚከፍተው ድምፅ ሬዲዮው ላይ ካልተሞላ ቻናሉ አንድ ሆኖም አያሳልፍህም፣ ይሄ በተለይ አዲስ የመጣ ወይ ከሌላ መስሪያ ቤት የተዋሳችሁት ሬዲዮ ላይ ይበዛል፣ ፕሮግራም ለሚያደርግላችሁ ባለሙያ አሳዩት። ሶስተኛው ተራራው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር፣ በመሃል የጣርማበር ገደል አለ፣ እኛ የምንይዘው አይነት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ደግሞ ተራራ አያልፍም። ሪፒተር ከሌለ ወይ ከጠፋ አንድ መኪና ከፍታው ላይ ቆሞ ቃል በቃል ያስተላልፍ፣ ከራሱ ሳይጨምር። ለዚህ የሚሆን አንድ በሪፒተር የሚሄድ፣ አንድ ቀጥታ የሚሰራ የጋራ ቻናል በሁሉም መስሪያ ቤት ሬዲዮ ላይ በተመሳሳይ ቁጥር ይሞላ። ፍሪኩዌንሲውን ግን በራሳችሁ እንዳትመርጡ፣ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው።

ችግር፦ ጎርፉ ከማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደረሰ

ይሄ የቆላው ጉዳይ ነው። ቀወት፣ ኤፍራታ አካባቢ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነው በወንዙ የሚመጣው። ላይ ያለው ቀበሌ ያያል፣ ለወረዳው ሪፖርት ያደርጋል፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞን ለታችኛው ወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ፣ አንዱ ስብሰባ ላይ ከሆነ በቃ አለቀ፣ ወንዙ ስብሰባ አይጠብቅም። ማንም ስራውን አልበደለም፣ መስመሩ ነው ወደ ላይ ብቻ የተሰራው።

መፍትሄው፦ የላይኛው ቀበሌ መጀመሪያ በቀጥታ ለታችኛው ቀበሌ ይደውል፣ ከዛ ለወረዳው ሪፖርት ያድርግ። "ያለ ፈቃድ ደወልክ" ተብሎ ማንም እንደማይጠየቅ በደብዳቤ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሰው ይፈራል፣ እኔም ብሆን እፈራለሁ። ታች ስልክ ካልተነሳስ? የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ከአባቶችና ከኢማሞች ጋር ቁጭ ተብሎ ለጎርፍ ብቻ የሚሆን ምልክት ይወሰን፣ ለቀብርና ለሰላት ከሚሰማው የተለየ፣ ሲሰማም ወዴት እንደሚወጣ ጭምር። እረኛ ልጆች መጀመሪያ ይነገራቸው፣ ወንዙ ዳር ውለው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ችግር፦ ቁጥሩ አለ፣ የሚያነሳው ግን የቀድሞው ሃላፊ ነው

ስልኩ የሰውየው ነው እንጂ የወንበሩ አይደለም፣ ሰውየው ሲዛወር ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። መፍትሄው የቢሮ ሲም ነው፣ ከማህተሙ ጋር በፊርማ የሚረከቡት። ከያንዳንዱ መስሪያ ቤት ሁለት ቁጥር ይያዝ፣ ዝርዝሩ በየሶስት ወሩ እየተደወለ ይፈተሽ፣ ወረቀት ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይና መኪና ውስጥ ይለጠፍ ምክንያቱም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያለ ዝርዝር ዳታ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ችግር፦ ሁሉም በአንዴ ደውሎ መስመሩ ተጨናነቀ

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እኛም ጋ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ ያደረገው ስልክ ማንሳት ነው። እንዲህ ሲሆን ደጋግሞ ከመደወል አጭር የስልክ መልእክት ይሻላል፣ በተጨናነቀ መስመር ከጥሪ ይልቅ የማለፍ እድል አለው። መልእክቱ ሁሌም በአንድ ቅደም ተከተል ይጻፍ፦ ቦታ፣ የአደጋው አይነት፣ ሞት፣ ከባድ፣ ቀላል፣ አሁንም ያለ ስጋት፣ በየት በኩል መግባት እንደሚቻል፣ ማን ቦታው ላይ እንዳለ፣ ምን እንደሚፈለግ። ለህዝብ የሚናገረው ደግሞ አንድ ሰው ይሁን፣ አዲስ ነገር ባይኖርም በየሰዓቱ ይናገር፣ ዝም ሲባል ነው ወሬው የሚገባው።

ይሄን ሁሉ ስብሰባ ላይ አጽድቆ ፋይል ውስጥ ማስገባት አይበቃም። ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ አንድ ቀን፣ ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን፣ እውነተኛ መኪና ሳይነሳ በስልክና በሬዲዮ ብቻ ልምምድ አድርጉ። ለአንዱ ተረኛ ሳታስጠነቅቁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደውሉና "ልምምድ ነው፣ ዋሻው ጋ መኪና ተገልብጧል" በሉት፣ የትኛው አፍ ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ ስሙ።