ቅንጣቷን አጥኗት እንጂ አትጥበሷት

አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ በሌዘርና በማይክሮስኮፕ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያጠኑ ተማሪዎችን ሳማክር ቆይቻለሁ። ተማሪዎቹ ይቀያየራሉ፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

ዋናው ስህተት የሌዘሩን ኃይል ማብዛት ነው። «አንድ ሚሊዋት ብቻ እኮ ነው» ይሉኛል። ብቻ? አንድ ሚሊዋት ሌዘር አንድ ማይክሮሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ በካሬ ሴንቲሜትር ከ100 ሺህ ዋት በላይ ይሆናል። የቀትር ፀሐይ 0.1 ዋት ገደማ ናት። ሚሊዮን ፀሐይ ቅንጣቷ አናት ላይ ለቃችሁባት ስታበቁ «በብርሃን የመጣ ኬሚካላዊ ለውጥ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ! አንዷ ልጅ የፍሎረሰንሱ (ቅንጣቷ የሌዘሩን ብርሃን ውጣ መልሳ የምትሰጠው ብርሃን) መስመር ቁልቁል የሚወርድ ያማረ ግራፍ ይዛ መጣች። «ኃይሉን አንድ አሥረኛ አድርጊና ድገሚው» አልኳት። በአንድ ፎቶን (በአንዲት የብርሃን ቅንጣት) የሚሄድ ለውጥ ቢሆን አሥር እጥፍ በዘገየ ነበር። እሱ ግን ጭራሽ ቆመ። የቀድሞዋን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ስናያት መሃሏ ጠቁሯል። ስለዚህ ኃይሉን ሌዘሩ ላይ ከተጻፈው አትውሰዱ፤ ከሌንሱ በኋላ፣ ናሙናው ያለበት ቦታ ላይ ለኩት። ከዝቅተኛ ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ዝቅተኛው ተመለሱ። ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ተዘርዝሮ የሚታይበት ግራፍ) እንደ መጀመሪያው ካልተመለሰ ቅንጣቷ ድሮ የነበረችው አይደለችም።

ብርሃን ሲውጥ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥነው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ጥሎ ምላሽ መጠበቅም አለ። አናቴዝ የሚባለው ዓይነት ከ388 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ ብርሃን ይፈልጋል። «ግን የሮዳሚን ቢ ቀለም ደበዘዘ» ትሉኝ ይሆናል። ሮዳሚን ራሱ አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል እኮ! ያለ ቅንጣት በብርሃን፣ ከቅንጣት ጋር በጨለማ ሳትሞክሩ ምንም አትበሉ።

መሸፈኛው መስታወት 0.17 ሚሊሜትር ይሁን፤ ብዙዎቹ ሌንሶች ለዚያ ነው የተሠሩት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው ለመለካት አትሩጡ። ሌዘሩ ይሙቅ፣ እናንተ ማኪያቶ ጠጡ። ስትመለሱ መጀመሪያ የሲሊከንን የራማን መስመር (ሌዘሩ ሲሊከን ላይ ተበትኖ የሞገድ ርዝመቱን ቀይሮ ሲመለስ የሚታየውን) እዩ፤ 520.7 cm⁻¹ ላይ ካልተቀመጠ መሣሪያው ይስተካከል።

546 ናኖሜትር ላይ ቀጥ ያለች መስመር አግኝታችሁ በደስታ ስልክ አትደውሉልኝ። የሜርኩሪ መስመር ናት፣ ከጣሪያው ፍሎረሰንት መብራት የመጣች። አጥፉት፣ መጋረጃውንም ዝጉ።

የሌዘር መከላከያ መነጽር አድርጉ ብሎ መንገርስ ያሳፍራል። ሰዓትና ቀለበት ግን አውልቁ፤ ጨረሩን ወደ ጓደኛችሁ ዓይን ሊመልሱት ይችላሉ።