በአካባቢ ጥበቃ ቴአትር ኦዲሽን ላይ የሚያስጥሉ ስህተቶች

በአማተር ክበብ ብዙ ጊዜ ተፈትኛለሁ፤ ኋላም ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ስለ እምቦጭ አረም፣ ስለ ፌስታል፣ ስለ ዛፍ ቆረጣ የምንሠራቸው ቴአትሮች ላይ ሰው የሚወድቀው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስብከት ነው። ተፈታኙ ይገባል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ጣቱን ይቀስራል። «ወገኖቼ! ዛፍ ሕይወት ነው!» እኛ እናዛጋለን። ይህን እኮ ወረዳው በድምፅ ማጉያ ሲለው ሰንብቷል። ከሰል ሻጯን ተጫወቱ ስንላቸውም ብዙዎቹ ክፉ ሴት ያደርጓታል፤ ዓይን ማጉረጥረጥ፣ የተንኮል ሳቅ። ሴትዮዋ ከዛፍ ጋር ምን ጠብ አላት? መብራት ሲጠፋ ወጡ የሚበስለው በማን ከሰል ነው? ቡናውስ? ከተመልካቹ ግማሹ ደንበኛዋ ነው። አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ከሰሉን በጣሳ ሰፈረች፣ አንዲት ጉማጅ ምራቂ ጨመረች፣ ትንሽ አሰብ አደረገችና መልሳ አነሳቻት። ቃል አልተነፈሰችም። ሚናውን እዚያው ሰጠናት።

ሁለተኛው፣ የምትጫወቱትን ሥራ ሳታውቁ መምጣት። እምቦጭ በጣና ላይ ጎልቶ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ የደንቢያና የጎንደር ዙሪያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። የኛ ተፈታኝ ግን እንደ አደይ አበባ በሁለት ጣቱ ይቀጥፈዋል! በርግጥ ሐምራዊ አበባው ያታልላል። ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግ አየር ስለቋጠረ ይንሳፈፋል፤ አረሙ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ ይሆናል። አብዛኛው ክብደቱም ውኃ ነው። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ካገኛችሁ ጠይቁት። ካጣችሁ የተዘፈዘፈ ጋቢ ከሳፋ አንሱ፤ ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ገበሬ ተጫወቱ ሲባሉ አፋቸውን አጣመው «የባላገር» አማርኛ የሚናገሩም አሉ። መጀመሪያ ይሳቅላቸዋል። ከዚያ በኋላ ማሳው በአረም ሲወረር ማንም አያዝንላቸውም።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ። የምትፈተኑት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቴአትሩ የሚታየው ግን ገበያ ዳር ወይ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ማይክ ነው። ባጃጅ ያልፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ታዲያ ጩኹ ማለቴ አይደለም፤ የሚጮኽ ሰው በማግስቱ ድምፁ ይዘጋል። ከሆድ ተንፍሱ፣ የቃሉን ጭራ አትዋጡ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጭራው ከተዋጠ «ቆረጥኩ» እና «ቆረጥክ» አይለዩም፤ ዛፉን የቆረጠው ሰውዬ ተቀየረ ማለት ነው።

ትንሽ ሚና አትናቁ። «አንተ እምቦጭ ሁን» ስንለው ፊቱ የጠቆረ ልጅ ነበር። «አረም ልሆን ነው ከቤቴ የወጣሁት?» ብሎን ሄደ። ጓደኛው ተቀበለ። መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ፣ የዓሣ አጥማጁን እግር ቀስ እያለ ያዘ። የሰፈሩ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ «እምቦጭ መጣ!» እያሉ ሲከተሉት ከረሙ።

አበል መጠየቅ ነውር የለውም፤ በተለይ ድርጅት የሚደግፈው ሥራ ከሆነ። ብቻ ስማችሁን ሳትነግሩን አትጠይቁ።

የራሴንም ልናገር። አንድ ጊዜ ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ መነባንብ አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። በሩ ጋ ስደርስ አዘጋጁ «ልጄ፣ አንዴ ተመለስ» አሉኝ። ሚናውን ሊሰጡኝ መስሎኝ እየሳቅኩ ተመለስኩ። ወንበሩ ሥር ጥዬው የሄድኩትን ባዶ ሃይላንድ ይዘው ቆመዋል።