423ን ትቼ ዲዛይኑን ስቀይር ፕሮፖዛሉ አለፈ

የጥናት ፕሮፖዛሌ ከአማካሪዬ ሲመለስ ዳር ላይ በቀይ የተጻፈው ይሄ ብቻ ነበር፦ «በዚህ ዲዛይን ስንት ኬዝ ታገኛለህ?»

ርዕሱ ከ2,500 ግራም በታች ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትና ተያያዥ ምክንያቶች ነው፤ ኬዝ የሚባሉት እነዚህ ሕፃናት ናቸው። ዲዛይኑ ክሮስ ሴክሽናል (ሁሉንም በአንድ ወቅት የሚያይ)፣ ናሙናው 423። ይቺን ቁጥር የጤና ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። 50 በመቶ ምጣኔ፣ 95 በመቶ መተማመኛ፣ 5 በመቶ የስህተት ህዳግ ሲገባ 384 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ችግሩ፣ ከ423 እናቶች ክብደቱ ያነሰ ልጅ የወለዱት ጥቂት ናቸው። እነሱን በእርግዝና ክትትል፣ በደም ማነስ፣ በዕድሜ ስትበትናቸው አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ይቀራል። ከዚህ ምን ድምዳሜ ይወጣል?

ስለዚህ ችግሩ ያለባቸውን (ኬዝ) ከሌለባቸው (ኮንትሮል) ጋር ወደሚያነጻጽረው ኬዝ ኮንትሮል ዲዛይን ዞርኩ። ክብደቱ ያነሰ ልጅ በተወለደ ቁጥር፣ ከእሱ ቀጥለው የተወለዱ ክብደታቸው ደህና የሆነ ሁለት ሕፃናት ይወሰዳሉ። ናሙናውን ኤፒ ኢንፎ በሚባለው ሶፍትዌር እንደ አዲስ አሰላሁት፤ ፓወር (ልዩነት ካለ የማግኘት ዕድል) 80 በመቶ፣ አንድ ለሁለት። ኦድስ ሬሾው (ምክንያቱና ችግሩ ምን ያህል እንደተያያዙ የሚለካው ቁጥር) ከቀደመ ጥናት ተወሰደ።

ቀሪው የፕሮፖዛሉ ክፍልም አብሮ መቀየር አለበት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያዝ። «ስርጭቱን ማወቅ» የሚለው ዓላማ ወጣ። የኬዝና የኮንትሮሉን ብዛት ራስህ ወስነህ ስርጭት ልትለካ አትችልማ! ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚመዘንና ሚዛኑ በየጠዋቱ እንደሚፈተሽም ተጻፈ።

አማካሪዬ ፈርሞበታል። አሁን ወረቀቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋ ነው።