በደጋን አጋዘን ሲያድኑ ፍላጻው የት ይረፍ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ አጋዘን የምንለው በአገር ቤት በዚሁ ስም የሚጠራውን ቀንደ ጠምዛዛ እንስሳ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ጫካና የእርሻ ዳር የሚገኘውን ባለ ነጭ ጭራውን ዲር ነው። በግ አርዶ ሆድ ዕቃውን ያወጣ ሰው የዚህን እንስሳ ውስጥ ግማሹን ያውቀዋል። ዲርም አመስኳኪ ነው፤ ልብና ሳንባው ከፊት፣ ጉበቱ ከሳንባው ኋላ፣ ትልቁ ጨጓራ ከዚያ ቀጥሎ በግራ በኩል ይገኛል። የሐሞት ከረጢት ግን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ይህንን ሁሉ ከቆዳው ውጭ ሆኖ፣ ከሩቅ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መገመት ሲያስፈልግ ነው።

ፍላጻን እንደ ጥይት ማሰብ

ጥይት በጉልበቱ አጥንት ይሰብራል፣ ዙሪያውን ያለውን ሥጋም ይጎዳል። ፍላጻ የሚገድለው ቆርጦ ነው፤ ደም ያፈስሳል፣ ደረት ውስጥ አየር አስገብቶም ሳንባውን ያኮማትራል። ሁለቱም ሳንባዎች ከተበሱ አጋዘኑ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የስለቱ ጥራት ከደጋኑ ጉልበት ይበልጣል። ልምምድ ላይ ኢላማ የተመታበት ስለት ደንዝዟልና ለአደን ከመውጣትዎ በፊት ይሳሉት ወይም ይቀይሩት። በብዙ ግዛቶች የስለቱ ስፋት ከ7/8 ኢንች (22 ሚሊ ሜትር ገደማ) እንዳያንስ ሕጉ ያዝዛል።

የትከሻውን አጥንት ሌላ ቦታ መገመት

ብዙ አጋዘን አቁስሎ የሚያስቀር ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው የፊት እግሩ አጥንት ከሰኮናው እስከ ጀርባው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ይመስለዋል። አጥንቱን እንዳይነካ ሲል ኢላማውን ወደ ኋላ ይገፋና ጉበት ወይም ጨጓራ ይመታል። የወርቹ አጥንት ግን የታጠፈ ነው። ከክርኑ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሄድና ፍርምባው አጠገብ ካለው የትከሻ መገጣጠሚያ ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ ሰፊው የትከሻ አጥንት ወደ ላይና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሹሉ ወደ ፊት የዞረ ማዕዘን ይሠራል ማለት ነው። በማዕዘኑ ክፍት በኩል ያለው በአብዛኛው ሥጋ ነው፤ ከሥጋው በስተውስጥ ጎድን፣ ከጎድኑ በስተውስጥ የልቡ አናትና ሳንባው አለ።

አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ በዓይንዎ ተከትለው ወደ ላይ ይውጡ። ከሆዱ መስመር ተነስተው የቁመቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ሲደርሱ ይቁሙ። የልብና የሳንባው ክልል ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከዚህ ነጥብ ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ቢያልፉ እንኳን ሳንባ ያገኛሉ። የትከሻው አጥንት ራሱ ስስ ቦታ አለው፤ መሐሉ ላይ ያለው ሸንተረርና መገጣጠሚያው ግን ፍላጻ ያቆማሉ።

«ከሳንባው በላይ ባዶ ቦታ አለ» ብሎ ማመን

የለም። ሳንባው ሲነፋ እስከ አከርካሪው ሥር ይሞላል። ከላይ ተመትቶ የሮጠና ያልተገኘ አጋዘን በአብዛኛው የተመታው ከአከርካሪው በላይ ባለው የጀርባ ሥጋ ላይ ነው። በትከሻ አካባቢ አከርካሪው ከውጭ ከሚታየው የጀርባ መስመር በብዙ ጣት ዝቅ ይላል፤ ከላዩ ያሉት ረጃጅም የአጥንት ዘንጎች ናቸው ጀርባውን ከፍ የሚያደርጉት።

መግቢያውን ብቻ ማየት

ፍላጻው የሚገባበትን ሳይሆን የሚወጣበትን ያልሙ። አጋዘኑ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ በሰያፍ ከቆመ፣ በዚያኛው ጎን ያለው የፊት እግር መውጫዎ ይሁን፤ መግቢያው እንደ ሰያፉ መጠን ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ አቋቋም ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ፍላጻው ብዙ ሳንባ ይቆርጣልና። ሰያፉ ሲበዛ ግን ፍላጻው በጨጓራው በኩል ማለፍ ስለሚኖርበት አይልቀቁ።

ወደ እርስዎ በሰያፍ የመጣ አጋዘን ከፊቱ የትከሻውን መገጣጠሚያ ይሰጥዎታል፤ ፍላጻው ካለፈም አንድ ሳንባ ነክቶ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት የቆመ፣ ጀርባውን የሰጠ፣ አንገቱ ብቻ የሚታይ፦ ሦስቱንም ይለፉ። ጥቂት ቢጠብቁ ብዙውን ጊዜ ይዞራል።

ከዛፍ ላይ ሆኖ መሬት ላይ እንዳሉ ማለም

6 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠው አጋዘኑ 9 ሜትር ቢርቅ ፍላጻው ወደ ታች 34 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ 18 ሜትር ቢርቅ ግን 18 ዲግሪ ብቻ። በቅርብ ከሆነ መግቢያውን ከፍ ያድርጉ፤ መውጫው በዚያኛው ጎን ዝቅ ይላል። ከዛፉ ሥር በቀጥታ የቆመውን ይተዉት። አንድ ሳንባ ብቻ የተበሳ አጋዘን ሩቅ ይሄዳል፣ ሊድንም ይችላል። ሲያልሙ ክንድዎን ብቻ ዝቅ አያድርጉ፤ ከወገብ ይጎንበሱ። ከዛፉ ጋር የሚያስርዎት የደኅንነት ማሰሪያ ደግሞ ከመሬት ተነስተው መሬት እስኪመለሱ አይፈታም።

ድምፁን መርሳት

በሰከንድ 85 ሜትር የሚሄድ ፍላጻ 30 ያርድ (27 ሜትር) ለመድረስ ከ0.3 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የጅማቱ ድምፅ ግን በ0.08 ሰከንድ ይደርሳል። አጋዘኑ ለመፈናጠር እግሩን ሲያጥፍ ሰውነቱ ይወርድና ፍላጻው ጀርባውን ይመታል ወይም ከላዩ ያልፋል። ጆሮውን ያቆመ፣ አንገቱን የቀሰረ አጋዘን ከ20 ያርድ በላይ ከሆነ አይልቀቁ፤ በአፍ ድምፅ ያስቆሙትም ንቁ ነው። በቅርብም ቢሆን ኢላማውን ዝቅ አድርገው በልቡ ልክ ይያዙ፤ ባይወርድ ልብ፣ ቢወርድ ሳንባ ነው።

ወዲያው መከተል

ፍላጻውን ሳያዩ እርምጃ አይጀምሩ። ደማቅ፣ አረፋ ያለው ቀይ ደም የሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ጠቆር ያለ፣ አረፋ የሌለው ደም የጉበት ሊሆን ይችላልና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይስጡት። አረንጓዴ ቅሪት ወይም የፈርስ ሽታ ካለበት ጨጓራ ወይም አንጀት ተመትቷል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልጋል። ወገቡን አጉብጦ ቀስ ብሎ የሄደ አጋዘንም ምልክቱ ይኸው ነው። ሆዱን የተመታ ካልተረበሸ ብዙ ሳይርቅ ይተኛል። በችኮላ ከተቀሰቀሰ ግን ደሙ በቆመ ቁስል ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል፤ ስቡና አንጀቱ ቀዳዳውን ስለሚደፍኑት መሬት ላይ ጠብታ አይተርፍም።

ጥርጣሬ ካለ ረጅሙን ሰዓት ይምረጡ። በሞቃት ቀን ሥጋው እንዳይበላሽ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ቀስቅሶ ማባረር ሥጋውንም አጋዘኑንም ያሳጣል። ሲከተሉ ደሙን ሳይረግጡ በጎኑ ይሂዱ፤ የመጨረሻውን ጠብታ በወረቀት ቁራጭ ምልክት ሳያደርጉ አይለፉ። ደሙ ከጠፋ ከዚያው ምልክት ተነስተው ክብ እየሠሩ ይፈልጉ። በብዙ ግዛቶች በገመድ የተያዘ አነፍናፊ ውሻ ይፈቀዳል፤ ውሻው የሚጠራው ግን አካባቢው በሰው እግር ከመረገጡ በፊት ነው። ዱካው ወደ ሌላ ሰው መሬት ከገባ አጥሩን ከማለፍዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።