በራስ ስም የኢሜይል አድራሻ እንዲኖርዎት ዶሜይን እንዴት እንደሚገዛና እንደሚዘጋጅ

የአብዛኞቻችን የኢሜይል አድራሻ መጨረሻው ጂሜይል ወይም ያሁ ነው። ከ“አት” ምልክቱ በኋላ ያለው ስም የኩባንያው ንብረት ስለሆነ፣ አካውንቱ በሆነ ምክንያት ቢዘጋ ለባንክ፣ ለኤምባሲ፣ ለአሠሪና ለዘመድ ለዓመታት የሰጠነው አድራሻ አብሮ ይጠፋል። የራስ ዶሜይን፣ ማለትም ከ“አት” ምልክቱ በኋላ የሚገባ በራሱ የተመዘገበ ስም፣ ያለው ሰው ግን ቤት ቢቀይርም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ እንደማይለወጥበት ደንበኛ ነው፤ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪውን ቢቀይርም አድራሻው ያው ይሆናል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆንንም አይጠይቅም።

የመጀመሪያው እርምጃ ስም መምረጥ ነው፤ የሐበሻ ስም ላለን ሰዎች ደግሞ ይህ ከሌሎች ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ዶሜይን በተለምዶ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በሰረዝ ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ዶሜይኖች በመርህ ደረጃ ቢኖሩም፣ ብዙ የኢሜይል ሥርዓቶችና የማመልከቻ ቅጾች ስለማይቀበሏቸው ለዕለት ተዕለት ሥራ አላማክርም። “ፀሐይ” የሚለውን ስም አንዱ በ“ቲ” እና “ኤስ” ይጀምረዋል፣ ሌላው በ“ኤስ” ብቻ፤ አንዱ በ“ዋይ” ይጨርሰዋል፣ ሌላው በ“አይ”። ስለዚህ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርገው፣ የመረጡትን ስም በስልክ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡለትና ሰምቶ የጻፈውን ይመልከቱ። ከተሳሳተ ስሙን ያሳጥሩት። ሰረዝ ያለበትን ስም ብዙ ሰው ስለሚረሳው ቢቀር ይሻላል።

ቀጥሎ የስሙ መጨረሻ ይመረጣል። ዶት ኮም ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም፤ ዋጋውም በብዙ መዝጋቢዎች ዘንድ በዓመት ከ10 እስከ 15 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ የሆነውን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ፣ እሱን የሚፈልግ ሰው መስፈርቱንና ዋጋውን ከዚያው ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ዓመት እጅግ ርካሽ የሆኑ እንግዳ መጨረሻዎች ሲያጋጥሙዎት የእድሳት ዋጋቸውን ሳያዩ አይግዙ፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ብዙ እጥፍ የሚጨምሩ አሉ።

ግዢው የሚፈጸመው ሬጅስትራር በሚባሉ መዝጋቢ ድርጅቶች በኩል ነው። ኔምቺፕ፣ ፖርክበን እና ክላውድፍሌር ከታወቁት መካከል ናቸው። በድረ ገጻቸው ስሙን ፈልገው ክፍት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ አካውንት ከፍተው ይከፍላሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 10 ዓመት መመዝገብ ይቻላል። በምዝገባው ወቅት ድረ ገጽ መሥሪያ፣ ተጨማሪ ጥበቃና ሌላም ሌላም ይቀርብልዎታል፤ ለኢሜይል ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። የባለቤቱን አድራሻና ስልክ ከሕዝብ የሚሸሽገው አገልግሎት ግን ይብራ፤ ብዙ መዝጋቢዎች በነፃ ይሰጡታል። ከግዢው በኋላ የማረጋገጫ መልእክት በኢሜይል ይደርስዎታል። በ15 ቀን ውስጥ ካላረጋገጡ ዶሜይኑ ሊታገድ ስለሚችል በዚያው ዕለት ይጨርሱት።

አገር ቤት ያለን ብዙዎቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለማይኖረን፣ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም የሠፈር ኮምፒውተር ባለሙያ እንዲገዛልን እንጠይቃለን። መለመኑ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ዶሜይኑ የሚሆነው የባለቤትነት መዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው። የሚያምኑት ሰው እንኳ በገዛ አካውንቱ ከገዛልዎ፣ ሥራ በዝቶበት እድሳቱን ሲረሳ ወይም ስልኩ ሲቀየርና ሲጠፋ አድራሻዎ ከእጅዎ ይወጣል። ስለዚህ አካውንቱን ራስዎ በራስዎ ስምና ኢሜይል ይክፈቱ፤ ዘመድዎ ካርዱን ብቻ ያስገባ። ከተቻለም ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት በአንድ ጊዜ ያስመዝግቡ፤ በየዓመቱ ሰው ከማስቸገር ያድናል።

የመዝጋቢው አካውንት የሁሉ ነገር ቁልፍ ነውና ጠንካራ የይለፍ ቃልና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያድርጉበት። ለአካውንቱ የሚሰጡት የመገናኛ ኢሜይል ደግሞ አዲሱ አድራሻዎ መሆን የለበትም፤ ዶሜይኑ አንድ ቀን ሥራ ቢያቆም፣ ማስጠንቀቂያውም የይለፍ ቃል መቀየሪያውም የሚላከው ወደማይከፈት ሣጥን ይሆናል። የቆየውን ጂሜይልዎን ለዚህ ያቆዩት።

ዶሜይን በራሱ ደብዳቤ አይቀበልም፤ ሣጥኑን የሚያቀርብ አገልግሎት ያስፈልገዋል። ጎግል ወርክስፔስ፣ ማይክሮሶፍት 365፣ ዞሆ፣ ፕሮቶን እና ፋስትሜይል ይህንን በክፍያ ይሰጣሉ። የሚመጣውን ደብዳቤ ወደ ጂሜይልዎ ማስተላለፍ ብቻ ከበቃዎት የክላውድፍሌር የማስተላለፊያ አገልግሎት ነፃ ነው፤ በዚህ መንገድ ግን ደብዳቤ ይደርስዎታል እንጂ በአዲሱ አድራሻ መላክ አይችሉም። ሥራ ለሚያመለክት ወይም ደንበኛ ላለው ሰው የሚከፈልበትን እመርጣለሁ።

አሁን ዶሜይኑንና የኢሜይል አገልግሎቱን ማገናኘት ነው። በመዝጋቢው ገጽ ዲኤንኤስ የሚለውን፣ የዶሜይኑን አቅጣጫዎች የሚይዘውን ክፍል ሲከፍቱ እንደ ሠንጠረዥ ያለ ዝርዝር ያያሉ፤ አገልግሎት ሰጪው የሚሰጥዎትን መስመሮች እዚያ ያስገባሉ። ኤምኤክስ የሚባለው መስመር ደብዳቤው ወደየትኛው ሰርቨር (የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) እንደሚሄድ ይናገራል፤ ከአጠገቡ ያለው ቁጥር ቅደም ተከተል ሲሆን ትንሹ ቁጥር ቀዳሚ ነው። ከበፊት የነበሩ የኤምኤክስ መስመሮች ካሉ ይሰርዟቸው፤ አለዚያ ከፊሉ ደብዳቤ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ኤስፒኤፍ በስምዎ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ በአንድ ዶሜይን ላይ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ዲኪም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የማይታይ ፊርማ ያኖራል፤ ዲማርክ ደግሞ እነዚህን ፈተናዎች ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። ጽሑፎቹን በእጅ አይጻፉ፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል አይሠሩምና ቀድተው ይለጥፏቸው። ለውጡ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል።

ከዚያ ከአዲሱ አድራሻ ወደ ጂሜይልዎ አንድ ደብዳቤ ይላኩ። በኮምፒውተር ከፍተው፣ በቀኝ በኩል ካሉት ሦስት ነጥቦች ሥር የደብዳቤውን ኦሪጅናል የሚያሳየውን ምርጫ ሲጫኑ፣ ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ተዘርዝረው ይታያሉ። በሦስቱም አጠገብ “ፓስ” የሚል ካለ ማስተካከያው ደርሷል፤ “ፌይል” ካለ የዚያን መስመር አጻጻፍ እንደገና ያመሳክሩ። ይህን ሳያዩ የሥራ ማመልከቻ አይላኩበት፤ ስፓም ውስጥ ገብቶ የቀረ ማመልከቻ መቅረቱን እንኳ አያውቁም።

የእድሳቱን ቀን በስልክዎ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውስዎት አድርገው ይመዝግቡ። ጊዜው ያለፈበት ዶሜይን ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ክፍያ፣ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ይገዛዋል። የገዛው ሰው ለእርስዎ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ፣ የባንክና የፌስቡክ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ጨምሮ፣ መቀበል ይችላል። ለዚህ ነው አካውንቶችዎን ወደ አዲሱ አድራሻ የሚያዛውሩት እድሳቱን በአስተማማኝ ሁኔታ ከያዙ በኋላ መሆን ያለበት። መጀመሪያ ባንኩን፣ ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ ማኅበራዊ ሚዲያውን እያሉ በዝርዝር ይሂዱ፤ አሮጌው አድራሻም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክፍት ይቆይ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጽፉልዎት አሉና።