ባቄላው የተጣመመው በውርጭ አልነበረም

ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ባሶና ወራና። ቆርምድ ለሚባለው የባቄላ በሽታ የፈንገስ መድኃኒት በተረጨ በጥቂት ቀን ውስጥ የባቄላው ለጋ ቅጠል እንደ ማንኪያ ጎደጎደ፣ አናቱም ተጠማዘዘ። መስከረም እየወጣ ስለነበር ያየው ሁሉ «ውርጭ ነው» አለ። ማታ ውሃ ማጠጣት፣ ጭስ ማጨስ፣ ዩሪያ መጨመር፤ አንዱም ጠብ አላለም።

ውርጭ ቅጠሉን ውሃ የነከረው ያስመስልና ያጠቁረዋል፤ ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበትን ረባዳም ያስቀድማል። ይሄኛው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው የተጣመመው፣ ያውም የርጭቱን መስመር ተከትሎ፦ መጀመሪያ የተረጨው ትልም ክፉኛ፣ የመጨረሻው እምብዛም። በውሰት የመጣው መርጫ ለካ ስንዴ ላይ ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባል የአረም ማጥፊያ ተረጭቶበት በውሃ ብቻ ተለቅልቆ ኖሯል። ቱፎርዲ የዕፅዋትን የዕድገት ሆርሞን ስለሚመስል ለባቄላ ርዝራዡም ይበቃል።

የሠራው ይሄ ነው፦ ኖዝሉን (የመርጫውን አፍ) እና ማጣሪያውን ፈትቼ ለብቻ አጠብኩ። ታንከሩን ውሃ ሞልቼ ፈሳሽ አሞኒያ ጨመርኩና በቱቦው አሳልፌ አሳደርኩት (ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል)። በነጋታው ደጋግሜ አለቀለቅኩ። ከዚያ ንጹህ ውሃ ሞልቼ ዳር ያሉ ጥቂት ባቄላዎች ላይ ረጨሁ። አዲሱ ቅጠል ሳይጣመም ሲወጣ ነው መርጫውን ወደ ማሳው የመለስኩት።