የፍሬን ቱቦ ሮንዴላ ፍለጋ፦ ደሴ ላይ እንዴት እንዳገኘሁት

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በመሐላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ እወርዳለሁ፣ በየቀኑ እወጣለሁ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ ላይ ፍሬን ቀልድ አይደለም።

ባለፈው ክረምት የቪትዝ መኪናዬን የፊት ግራ የፍሬን ቱቦ አስቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ የጎማው የውስጥ ጎን መርጠብ ጀመረ። መጀመሪያ የዝናብ ውሃ መሰለኝ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን ይሙለጨለጫል። ጎማውን አወረድኩና አየሁት። ቱቦው አዲስ፣ ሮንዴላዎቹ (መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚገቡት ስስ ጠፍጣፋ ቀለበቶች) ግን የድሮዎቹ! የቀየረልኝ ሰው የተጨፈለቁትን መልሶ አስሮልኛል። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። ከሁሉም ርካሹን ዕቃ ነበር የቆጠበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱቦው ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ የሚታሰረው መሐሉ ክፍት በሆነና ጎኑ ላይ ቀዳዳ ባለው ቡሎን ነው። የፍሬን ዘይቱ በቡሎኑ ውስጥ ያልፋል። የቱቦው ጫፍ ቀለበት ነው፤ ከቀለበቱ በላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ በድምሩ ሁለት ሮንዴላ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከመዳብ ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ከአሉሚኒየም። ለስላሳ የሆኑት በምክንያት ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ይጨፈለቁና በብረቱ ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ ይሞላሉ። አንዴ ከተጨፈለቁ መዳቡ ይጠነክራል፣ የድሮው ጭረትም ላዩ ላይ ታትሞ ይቀራል። ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ አይገጥምም።

ከመግዛትህ በፊት የሚያፈሰው በእርግጥ እዚያ መሆኑን አረጋግጥ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ከብረት ቱቦ ጋር የሚገናኘው ሾጠጥ ባለ አፍ ነው፤ እዚያ ሮንዴላ የለም። የሚያፈሰው በዚያ በኩል ከሆነ ሮንዴላ ፍለጋ ከተማ መዞር ትርፉ ድካም ነው።

እኔ የጀመርኩት ከፒያሳ ነው። ሦስት የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር፤ «ሮንዴላ ብቻውን የለም የኔ ወንድም፣ ከቱቦው ጋር ነው የሚመጣው።» አንዱ የሞተር ዘይት ማፍሰሻ ሮንዴላ አውጥቶ ሰጠኝ። ያ የ12 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ቡሎን ላይ ሲገባ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መሐሉን ይስታል። ተራ የብረት ሮንዴላማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ብረት በብረት ላይ አይጨፈለቅም፣ ዘይትም አይዝም።

ስህተቴ አጠያየቄ ላይ ነበር። «የቪትዝ ሮንዴላ አለ?» ነበር የምለው። ሱቆቹ የሚያስቡት በመኪና ስም ነው። ሮንዴላ ግን የሚፈለገው በልክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለካ። የምትለካው ግን ቡሎኑን እንጂ አሮጌውን ሮንዴላ አይደለም። የተጨፈለቀ ሮንዴላ ይሳሳል፣ ቀዳዳውም ይጠባል፣ ያታልልሃል። ቬርኒየር (የሚሊ ሜትር መለኪያ) ከሌለህ ቡሎኑን ራሱን ይዘህ ሂድ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ቡሎኑ የ10 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የውስጥ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር፣ ወይም በፀጉር ያህል የሚበልጥ ይሁን። የውጭ ስፋቱ 14 ወይም 15 ቢሆን ጥሩ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። በጣም ወፍራም ከሆነ የቡሎኑ ቀዳዳ ከቱቦው ቀለበት ጋር ላይገናኝ ይችላል፣ ጥርሱም አጥብቆ ለመያዝ ያጥራል። የራስህን መኪና ግን ራሱ ቡሎኑ ይንገርህ።

ያገኘሁት የናፍጣ ፓምፕና እንዥክተር የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ነው። በናፍጣ ሞተር የነዳጅ መስመር ላይ እንዲህ ዓይነት ቡሎን ሞልቷል፣ ስለዚህ የመዳብ ሮንዴላ በየልኩ ያስቀምጣሉ። የአይሱዙ መንገድ በሆነች ከተማ ይህ ሥራ አይጠፋም። አንድ ሸበቶ አባት ቡሎኔን ተቀበሉኝ።

«ጋሼ፣ ለፍሬን ነው» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ልኩ ካለህ መዳቡ አይጠፋም» አሉኝ።

ከባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ እፍኝ ሮንዴላ ጠረጴዛው መስታወት ላይ ዘረገፉ። አንድ በአንድ ቡሎኑ ላይ እያስገቡ ሞከሩ። የገቡትን ደግሞ መስታወቱ ላይ አስቀምጠው በጥፍራቸው ጠርዙን ጫን ጫን አደረጉ። የተወላገደው ቀጭን ድምፅ እያሰማ ይወዛወዛል። ያንን ወደ ጣሳው መለሱት። ዝም ብሎ የተቀመጠውን ብቻ ለዩልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሮንዴላ ስገዛ በስልኬ መስታወት ላይ እንደዚያው እሞክራለሁ። አራት ገዛሁ፣ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው።

ሌላው ጥሩ ቦታ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ነው። የፊት ዲስክ ፍሬን ያላቸው ሞተሮች በአብዛኛው ይህንኑ የ10 ልክ ይጠቀማሉ። ሐይቅ ከተማም ሆነ መርሳ ብትሆን የሞተር ዕቃ የሚሸጥ አታጣም። እዚያም ካልሆነ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላክበት፤ ልኩን ግን በወረቀት ጽፈህ ስጠው። ቶርኖ ቤት ማስቆረጥን ለፍሬን አልመክርም። ሁለቱ ፊቶች እኩል ካልሆኑ ያፈስሳል።

መንገድ ላይ ተቸግረህ ምንም ካጣህ አንድ የጭንቅ መላ አለ። አሮጌው መዳብ ከሆነ በሽቦ አንጠልጥለው፣ በደንብ የተራገበ ከሰል ላይ እሳት እስኪመስል አቅላው፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጣለው። ብረት በውሃ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ከዚህ በኋላ ይለሰልሳል። ጥቁሩን ልጣጭ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። አሉሚኒየምን ግን እንዳትሞክረው፤ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ እያየኸው ነው የሚጠፋው። ጭረት ወይም ስንጥቅ ያለበት መዳብም አይሆንም። ይህ ቤት ለመድረሻ ነው። ሐረጎን ለዓመት በዚያ አትውረድ።

ስትገጥም አንድ ነገር አደራ። አሮጌው ሮንዴላ ካሊፐሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቆሻሻ ስለሚለብስ የካሊፐሩ አካል ይመስላል። የኔን መጀመሪያ አላየሁትም ነበር። በጥፍሬ ዙሪያውን ስከተል ቀጭን ጠርዝ ያዘኝ፣ በቢላ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ተነቀለ። በላዩ ላይ አዲስ ብትጨምር ድርብ ይሆናል፣ ያፈስሳል። ፊቱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ሲሊኮንም ቴፍሎንም አትቀባ፤ ፍርፋሪው ዘይቱ መስመር ውስጥ ይገባል።

ጥብቀቱ በብዙ መኪኖች 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ቡሎኑ መሐሉ ባዶ ስለሆነ ጉልበተኛ ሰው በቀላሉ ይበጥሰዋል። የሚያፈስሰውን በማጥበቅ ብዛት ለማስቆም አትታገል፤ ፈትተህ ምክንያቱን ፈልግ።

ከዚያ አየር ማስወጣት። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ አንተ ካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር ማስተንፈሻ ክፈት፣ ዝጋ፣ ከዚያ ብቻ ይልቀቅ። ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ዘይት እንዳያልቅበት። ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፣ ከታሸገ ጠርሙስም ይሁን። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲስብ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል። ቀለም ላይ ቢፈስብህ ወዲያው በውሃ እጠበው፣ ቀለም ይልጣል።

በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተህ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ በኃይል ርገጥ፣ ሌላ ሰው ቡሎኑን ዙሪያ በሶፍት ይጥረግ። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እንደገባሁ መኪናውን አቆምኩና እጄን በጎማው ጀርባ አስገብቼ ሶፍቱን ጫን አደረግኩት። አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ።